ባሕር ዳር ላይ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከመከራየታችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ

ከውጭ ወደ ጎጃም ለዕረፍት የምትመጡና ጣና ላይ በዝንብ፣ ማለትም መንጠቆ ላይ በተሠራ አርቴፊሻል ዝንብ፣ ዓሣ ለማጥመድ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ጀልባና የማጥመጃ ዕቃ የሚያከራይ አንድ ድርጅት ለሐይቁ በማይሆን ዘንግ አሰማራኝ። ዘንጉን የራሱ ሠራተኛ ሲሰብረው ደግሞ 400 ዶላር ካልከፈልክ ብሎ ፓስፖርቴን ያዘብኝ። ስሙን አልጠቅስም።

የተወለድኩት ዳንግላ፣ የምኖረው ዴንቨር ነው። የራሴን ዘንጎች ይዤ ነበር የተነሣሁት፤ ሻንጣው ግን አውሮፕላን ስቀይር ወደኋላ ቀረ። በጠየቅኩ ቁጥር መልሱ «ነገ ይደርሳል» ነው። ስለዚህ መከራየት ግድ ሆነ። ስደውል «የዝንብ ዘንግ አለን፣ ሁሉም የተሟላ ነው» አሉኝ። የጀልባውንም የዘንጉንም ኪራይ አስቀድሜ እንድከፍል፣ ፓስፖርቴንም በመያዣነት እንድተው ጠየቁኝ። ከፈልኩ፤ ተውኩም።

ዘንጉ ሲመጣ ከእጀታው በላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ርዝመቱ 7 ጫማ ተኩል፣ ቁጥሩ 3።

ይህ ለምን እንዳስደነገጠኝ ለማያውቀው ላስረዳ። በተለመደው አጠማመድ ክሩን ይዞት የሚሄደው ክሩ ላይ የሚታሰረው የእርሳስ ብረት ነው። በዝንብ ስናጠምድ ግን መንጠቆው ላይ በላባና በክር የተሠራው ዝንብ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። የምንወረውረው ገመዱን ነው፤ ዝንቡ ይከተላል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ እንጨቱና ግርፉ ካልተመጣጠኑ ጅራፉ አይጮኽም። ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንግዲህ የዘንጉን ክብደት አይናገርም፤ ዘንጉ የትኛውን ገመድ እንደሚችል ነው የሚናገረው። የገመዱ ቁጥር የሚወጣው የመጀመሪያው 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህሉ ተመዝኖ ነው። ባለ 3 ገመድ 6.5 ግራም፣ ባለ 5 ደግሞ 9 ግራም፣ ባለ 8 ከ13 ግራም በላይ ይመዝናል። ባለ 3 ዘንግ ለጠባብ ጅረትና ለትንሽ ዓሣ የተሠራ ነው። እኔም ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ትራውት የምትባል ዓሣ ስፈልግ የምይዘው እንዲህ ያለውን ነው።

ጣና ላይ ይህ ዘንግ ምን ይሠራል? ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል፤ ቀላል ገመድ ገና ሳይዘረጋ ይመልሰዋል። ነጭ ዓሣው ደግሞ ጉልበተኛ ነው። ጣና ውስጥ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከአሥር በላይ ናቸው፤ ከእነሱም በርከት ያሉት ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። ትልቅ ዝንብ ላይ የሚዘልሉት እነዚህ ናቸው፤ ትልቅ ዝንብን ደግሞ ቀላል ገመድ አይሸከመውም።

ይህንኑ ለድርጅቱ ወጣት አስጎብኚ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ዘንግ ዘንግ ነው፤ ፈረንጆቹም በዚሁ ነው የሚያጠምዱት» አለኝ። የገመዱ ካርቶን መደርደሪያው ላይ ነበርና አንሥቼ ሳየው 7 ይላል። ባለ 3 ዘንግ ላይ ሊችለው ከሚገባው እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ገመድ ጠቅልለውበታል። ሌላ ዘንግ ስጠይቅ የለም፤ ገንዘቤን ስጠይቅ አይመለስም። ዴንቨር ውስጥ ዘንግ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅህ የት ውኃ፣ ምን ዓሣ፣ ከጀልባ ነው ወይስ ከዳር ብሎ ነው። ከዚያም ደጅ አውጥቶ ሣር ላይ ያስወረውርሃል። እዚህ አንድም ጥያቄ አልተጠየቅኩም።

ሐይቁ ላይ ገመዱ ተንጠልጥሎ ከኋላዬ ውኃውን እየመታ፣ ዘንጉ እስከ እጀታው እየጎበጠ ብዙ ደከምኩ። እንደዚያም ሆኖ አንድ ነጭ ዓሣ ያዘልኝ። ዘንጉን ዝቅ አድርጌ፣ ሲሮጥ ገመዱን እየለቀቅኩ፣ ሲያርፍ እየሰበሰብኩ ወደ ጀልባው አቀረብኩት። ዓሣው ከጀልባው ሥር ሲገባ ወጣቱ ዘንጉን ከእጄ ነጥቆ ሽቅብ አቆመው። ቀጭ አለ። ከላይኛው መጋጠሚያ ከፍ ብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ የተሰነጠቀው ካርቦን እንደ እሾህ ፈጥጦ ቀረ፣ ዓሣውም ሄደ። የዘንግ ጫፍ ቀጭን ነውና እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሸክሙ ሁሉ በእሱ ላይ ይወድቃል።

የብስ ስንደርስ 400 ዶላር ተባልኩ። በብር እንኳን አይደለም፣ በዶላር። የሰበረው ሠራተኛችሁ ነው ስል «የተከራየኸው አንተ ነህ» የሚል ነበር መልሱ። ውል አሳዩኝ ስል ውል የለም፤ ደረሰኝ ስል ኃላፊው ሲመጣ ነው። ኃላፊው ከቀትር እስከ ምሽት አልመጣም፤ ፓስፖርቴም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። በመጨረሻ ሲመጣ ያው ዘንግ አዲሱ ከመቶ ዶላር በታች እንደሚሸጥ ስልኬን ከፍቼ አሳየሁት። አየው፤ ከዚያ «አንተ እኮ ዲያስፖራ ነህ፣ ይህ ለአንተ ምንህ ነው?» አለኝ። ዋጋውን እየቀነሰ 200 ላይ ቆመ። ከፍዬ ፓስፖርቴን ተቀበልኩ፤ ደረሰኝ ግን እስከ ዛሬ የለኝም። ከገንዘቡ ይልቅ ያቺ ንግግሩ ናት የምታንገበግበኝ። ስንት ዓመት ናፍቄው የመጣሁት አገሬ ላይ፣ በገዛ ቋንቋዬ እየተከራከርኩ እንደ ባዕድ ተቆጠርኩ።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሆቴሉ ንጹሕ ነበር፣ የዓሣ ጥብሱም የትም አይገኝም። ሻንጣዬ በመጨረሻ ሲደርስ ሰዎችን ወደ ደብረ ማርያም የሚያሻግሩ አንድ አዛውንት ባለ ጀልባ አነጋገርኩ። የዝንብ ዘንግ አይተው አያውቁም። ጥቂት ጊዜ ስወረውር በዝምታ ተመለከቱና፣ ሳልጠይቃቸው፣ ነፋሱ በግራ ትከሻዬ በኩል እንዲመጣ ጀልባውን አዞሩልኝ። በቀኝ እጁ ለሚወረውር ሰው ትክክለኛው ይኸው ነው፤ መንጠቆው ከፊቱ ይርቃል። «ከየት አወቁ አባቴ?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ አይቼ ነው» አሉኝ። ስንመለስም የተቀበሉኝ ጠዋት የተናገሩትን ሒሳብ ብቻ ነው።

ከእሳቸው ጋር የያዝኩት ባለ 9 ጫማ፣ ባለ 8 ዘንግ ነበር፤ ለጣና የምመክረውም እሱን ነው። ባለ 7ም ይሆናል። 9 ጫማ 2.74 ሜትር ነው። ተቀምጣችሁ ስትወረውሩ ገመዱ ከኋላ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ውኃውንም የባለ ጀልባውንም ራስ አይነካም። አምባዛ የሚያጋጥማችሁ ከሆነ ከ8 አትውረዱ። ቀረሶ በአብዛኛው የምትመገበው በውኃው ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ ለዝንብ እምብዛም አትመጣም፤ ለእሷ ብላችሁ ዘንግ አትምረጡ። እንደ ግልገል ዓባይ ባለው ወንዝ ዛፉ ከኋላ ስለሚይዝ 8 ጫማ ተኩል፣ ባለ 6 ይሻላል። በክረምትና በመስከረም ግን ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞቹ ስለሚወጣ እባካችሁ የወንዝ አፎቹን ተዉለት፤ መረቡ የሚያደርስበት ይበቃዋል።

ለድርጅቱ ባለቤቶችም የምለው አለኝ። ሁለት ባለ 8 ዘንግና የሚመጥናቸውን ገመድ አስቀምጡ፣ ዋጋውንና የጉዳት ካሳውን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ የሰው ፓስፖርት በመያዣነት መቀበል አቁሙ። እስከዚያው ድረስ ወገኖቼ የራሳችሁን ዘንግ ይዛችሁ ኑ። በአራት የሚፈታ ባለ 9 ጫማ ዘንግ እያንዳንዱ ክፍሉ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ከትልቁ ሻንጣ ጋር ይጫንባችኋል። በስድስት የሚፈታው ግን 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና በእጅ ሻንጣችሁ ይገባል፤ የትም አይቀርባችሁም።