ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኘሁት መካኒክ

ዘንድሮ አገር ቤት ስገባ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ልመሰክርለት የምፈልገው አንድ ጋራዥ ነው። ሆቴሉ ንጹህ ነበር፣ ሙቅ ውሃም አልጠፋም፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የነዳሁት የወንድሜን ዲኤክስ ኮሮላ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን መውጣት ለአሮጌ ሞተር ቀላል አይደለም። ማርቆስ ባደርን ማግስት ከመኪናዋ ሥር ዘይት አየን። የሚንጠባጠበው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ነው።

መጀመሪያ ያሳየነው ጋራዥ ጎንበስ ብሎ አየና "ሞተር ይወርዳል" አለን። በጨርቅ እንኳ ጠረግ አላደረገውም። ሌላው ደግሞ ዘይት የሚያቆም ፈሳሽ ጨምሩበት አለ። ያ ፈሳሽ ሞተሩ ውስጥ ዘይት የሚይዘውን የደረቀ የጎማ ማሸጊያ ለጊዜው ቢያሳብጥ ነው፤ የተበላውን አይመልስም። ሁለቱንም ትተን ሄድን።

ሦስተኛው ወጣት ልጅ ነው። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ትታጠብ። ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ ምንም አንፈታም" አለኝ። በዚህች ንግግሩ ልቤን ወሰደው። ሞተሩን አጥቦ አደረቀ፣ አማኑኤል ከተማ ድረስ ነድተን ተመለስን። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዞ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች አየ። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ያልባል፤ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ይወርዳል። የኋላው ኦይል ሲልም፣ ማለትም ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት በኩል ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ያፈሳል። የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ፈትቶ ሲያሳየኝ ደግሞ በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኗል። መተንፈሻው ሲዘጋ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ያጣል፣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። ይህ ሳይጸዳ አዲስ ሲል ቢገባ ብዙም ሳይቆይ ያው ማፍሰስ ነው። ብዙ ሰው ሁለቴ ሦስቴ የሚከፍለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ኦይል ሲሉ ራሱ ርካሽ ነው። የሚከብደው የእጅ ዋጋው ነው፤ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ሳይወርዱ አይደረስበትም። ከወረደ አይቀር ብሎ የፍሪሲዮኑን ሸራም አየልን፤ ዘይት አልነካውም፣ ተመስገን። አሮጌውን ኦይል ሲል እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከንፈሩ፣ ማለትም የሚዞረውን ብረት የሚነካው ጠርዙ፣ እንደ ቀንድ ደርቋል፤ በጥፍሬ ብጫነው አልተጣጠፈም። የሚዞረው ብረት ላይም ከንፈሩ ለዓመታት የፈተገው ቀጭን መስመር ይታያል። ልጁ አዲሱን በዚያው መስመር ላይ አላሳረፈውም። ከንፈሩን ዘይት ቀባ፣ ዙሪያውን እኩል በቀስታ እየመታ ትንሽ ወደ ውስጥ ዘለቅ አደረገው። አሁን የሚያርፈው ያልተበላ ብረት ላይ ነው።

ቅሬታ አለኝ። ኦርጅናሉ ሲል ከተማው ውስጥ ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪላክ ጠበቅን። የተሠራውንም በወረቀት የሚሰጥ የለም። እኔ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተቀየረውን ዕቃ ለምኜ አስጻፍኩት፤ ለቀጣዩ መካኒክ ትልቅ እገዛ ነው።

ከዚያ በቡሬና በእንጅባራ አድርገን ባሕር ዳር ደርሰን ተመለስን። ያቆምንበት መሬት ደረቅ ነው፣ የዘይት መለኪያውም ከነበረበት አልወረደም። ወንድሜን መኪናዋን ለወራት አቁመህ እንዳትተዋት ብዬዋለሁ፤ የሲሉ ጎማ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ስትቆምም ይደርቃል። በአሮጌ መኪና ወደዚያ የምትወርዱ ካላችሁ ሲሉን ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ያዙ፤ ከመፈታቱ በፊትም ሞተሩ ይታጠብ በሉ።