የአሉሚኒየም ጀልባዬ ከስምንት ወር በኋላ፦ «አይበሰብስም» የተባለው ኮምፔንሳቶ ያደረሰብኝ

ሞተሩን ለሰርቪስ ፈትቼ ሳወርድ ነው ያየሁት። የጀልባዬ የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ሞተሩ ታስሮበት በነበረው ቦታ ዙሪያ፣ ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቁስል አብጧል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ነጭ ዱቄት ረገፈ። ዱቄቱን ስጠርገው ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ተቦርቡሯል፤ አንዱ ጉድጓድ የመርፌ ጫፍ ያስገባል። በስምንት ወር! ያን ጀልባ የገዛሁት እኮ አሮጌም ቢሆን አካሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ስላልነበረው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላው ግድግዳ በሁለት ቆርቆሮ መካከል እንጨት አለው፤ የሞተሩን ጉልበት የሚችለው እሱ ነው። የኔው በስብሶ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ካፈረስኩት አይቀር ብዬ የኋላውን አቀማመጥ በሙሉ ቀየርኩት። የኋላውን አግዳሚ መቀመጫ አነሳሁ፣ ባትሪውንና የነዳጅ መያዣውን ወደ መሃል አመጣሁ፣ 38 ሴንቲ ሜትር የነበረውን ግድግዳ ረጅም እግር ላለው ሞተር እንዲሆን 51 አደረስኩት። አግዳሚው ግድግዳውን ደግፎ ይይዝ ስለነበር በምትኩ ሁለት የአሉሚኒየም ድጋፎች አስገባሁ። አግዳሚው ውስጥ የነበረውን የመንሳፈፊያ ፎምም ከወለሉ ሥር መለስኩት፤ እሱ በፍጹም አይጣልም። በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም። ድሮ ሞተር፣ ባትሪ፣ ነዳጅና ሰው ኋላ ተከማችተው የፊቱ አፍንጫ ሰማይ ያይ ነበር፤ አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

የሚያንገበግበኝ እንጨቱ ነው። ለሻጩ «ለአሉሚኒየም ጀልባ ነው» ብዬ በግልጽ ነግሬዋለሁ። «በኬሚካል የታከመ ኮምፔንሳቶ አለልህ፣ ዕድሜ ልክህን አይበሰብስም፣ ለጀልባ ተብሎ በተሠራው ላይ ለምን ገንዘብህን ታፈሳለህ?» አለኝ። አልበሰበሰም፣ እውነቱን ነው። ሳወጣው ልክ የገባ ቀን እንደነበረው ነው። ግን ወንድሜ፣ እንጨቱን ከመበስበስ ያዳነው ኬሚካል ውስጥ እኮ መዳብ አለ! መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ለአጥር ብገዛው አመሰግንህ ነበር። እኔ ግን ጀልባ ነው ያልኩህ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ የሚውል ነገር።

«ኢፖክሲ (ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ ጠንካራ ሙጫ) ብትቀባው ኖሮ» የሚለኝ ይኖራል። ቀብቼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ጥፋቴ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ከቀባሁ በኋላ መብሳቴ ነው። የቀዳዳው ውስጥ ባዶ እንጨት ሆኖ ቀረ፣ ውሃውም በዚያ ገባ። ይሄን አምናለሁ። ቢሆንም ያልታከመ እንጨት ቢሆን ውሃው የሚያበላሸው እንጨቱን ነበር፤ እንጨት ደግሞ ይቀየራል። አሁን የተበላው ግን እኔ ላድነው የለፋሁበት ጀልባ ራሱ ነው። ለዚህ ነው እስካሁን ያልበረደልኝ።

ስለዚህ ሁሉንም እንደገና ፈታሁ። ነጩን ዱቄት እስከ ንጹሕ ብረቱ ድረስ ፈገፈግኩ፣ የተበሳው ቦታ ላይ የአሉሚኒየም ቁራጭ በሪቬት ለጠፍኩ። በዚህ ጊዜ ለጀልባ የሚሠራውን፣ ሙጫው ውሃ የሚችለውንና ያልታከመውን ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። ቀዳዳዎቹን ከቡሎኑ አስፍቼ በሳሁ፣ በወፍራም ኢፖክሲ ደፈንኩ፣ ሲደርቅ መሃሉን መልሼ በሳሁት፤ አሁን ቡሎኑ እንጨቱን ጨርሶ አይነካውም። የማይዝጉት የስቴንለስ ቡሎኖችም ከአሉሚኒየም ጋር ስለማይስማሙ የናይለን ሮንዴላ አስገብቼ፣ ዙሪያውን በማሸጊያ ሞላሁ።

አቀማመጡን ዛሬም ብጀምር እንዲሁ ነው የማደርገው። ያንን እንጨት ግን በነጻ ቢሰጡኝም ወደ ጀልባዬ አላስጠጋውም። ከሦስት ወር በኋላ ሞተሩን አውርጄ ቀለሙን እንደገና አያለሁ።