ፍሬን ሲያዝ መሪ ለሚያንቀጠቅጥ መኪና፦ ባለ ማግኔት ዳያል ጌጅ ይጠቅማል?

በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጸጥ ብሎ የሚሄድ መኪና ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው ከተንቀጠቀጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «የፍሬን ዲስኩ ጠሟል፣ ይቀየር» የሚል ነው። ይቀየራል፤ መኪናው ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በሰላም ይሄዳል፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ዲስኩ ሲዞር ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚወላገድ ማንም ስላልለካ ነው። እዚህ የምንገመግመው ለዚሁ ልኬት የሚያገለግለውን የተለመደ ዳያል ጌጅ ነው፦ 10 ሚሊ ሜትር ድረስ የሚለካ፣ እያንዳንዱ ጭረቱ 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰዓት መሰል ባለ መርፌ መለኪያ፣ መያዣ ክንድ እና በማዞሪያ የሚያዝና የሚለቅ የማግኔት መቆሚያ።

መጀመሪያ ምልክቱ ይለይ። ፍሬን ሳይነካ በተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚመጣ ንዝረት የጎማ ባላንስ ወይም የቸርኬ ጉዳይ ነው። ፍሬን ሲያዝ መሪው ላይ ከተሰማ የፊት፣ መቀመጫና ወለል ላይ ከተሰማ የኋላ ፍሬን አስቀድሞ ይጠረጠራል።

ይህን መሣሪያ አስፈላጊ የሚያደርገው የቁጥሩ ትንሽነት ነው። ብዙ አምራቾች ዲስኩ መኪናው ላይ እንደተገጠመ እንዲወላገድ የሚፈቅዱት 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አንዳንዶች እስከ 0.10 ይደርሳሉ። ትንሽ የሚወላገድ ዲስክ በተገጠመ ዕለት ላያንቀጠቅጥ ይችላል። ግን ፍሬን ሳይያዝ ጭምር በየዙሩ ያው አንድ ቦታው ሸራውን እየነካ ያልፋል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል እንደሚዞር ይታሰብ። ያ ቦታ እየሳሳ ይሄዳል። የውፍረቱ ልዩነት 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው አካል) ፒስተን ወጣ ገባ ማለት ይጀምራል፣ ፔዳሉም መሪውም ያስተጋባሉ። ስለዚህ «ጠመመ» የሚባለው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የጠመመ ሳይሆን ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ነው።

አለካኩ ቀላል ቢሆንም ችኮላ አይወድም። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በካቫሌቶ (በቋሚ ድጋፍ) ላይ ይቁም። ቸርኬው ከወጣ በኋላ ዲስኩ በሁሉም ዳዶ፣ ሮንዴላ ተደርጎበት፣ እኩል ይጠበቅ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ልል ዲስክ ደግሞ የሐሰት ቁጥር ይሰጣል። ዲስኩን ሳብ ገፋ በማድረግ የኩሽኔታ ልቀት አለመኖሩን ማረጋገጥም ያስፈልጋል። የጌጁ ጫፍ ከዲስኩ ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በትክክል ቀጥ ብሎ ይረፍ፤ በ30 ዲግሪ ካዘነበለ ንባቡ 15 በመቶ ያህል ይጋነናል። ጫፉን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ማስጨነቅ፣ ዲስኩን በቀስታ ማዞር፣ መርፌው ዝቅ ባለበት ቦታ ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ ከፍተኛውን ማንበብ ነው።

0.09 ቢነበብ ዲስኩ ወዲያው አይጣልም። ዲስኩና ሞዞው (ዲስኩ የሚታሰርበት ከጎማው ጋር የሚዞር አካል) ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ዲስኩን ማውጣት፤ ሞዞው ፊት ላይ በብሎኖቹ ሥር የተጋገረው ዝገት ይታያል። ሞዞው ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነች የዝገት ቅርፊት ዲስኩ ጠርዝ ላይ እጥፍ ገደማ ሆና ትነበባለች፤ አዲስ ዲስክ ተገጥሞም ችግሩ የሚመለሰው በእሷ ነው። በብረት ብሩሽ ጠርጎ፣ ሞዞውን ራሱን ለክቶ፣ ዲስኩን በአንድ ብሎን ቦታ አሻግሮ ገጥሞ መልሶ መለካት ነው። በዚህ ብቻ ንባቡ ወደ ገደቡ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። የሳሳው ቦታ ግን በጽዳት አይመለስም፤ ያኔ ዲስኩ መላግ ወይም መቀየር አለበት፣ መላጉም ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ማውረድ የለበትም።

የመሣሪያው ድክመቶች ቀላል አይደሉም። በርካሽ ስብስቦች የሚመጣው እንደ እባብ የሚታጠፍ ክንድ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ፈተናው አጭር ነው፤ ክንዱን በጣት ነካ አድርጎ መልቀቅ፣ መርፌው ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ያንን ክንድ አለመግዛት። በቁልፍ የሚጠብቅ ባለ መገጣጠሚያ ክንድ ይሻላል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ሞዞውን የሚይዘው አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔቱ አይይዝም፤ በፒንሳ የሚቆነጥጥ መያዣ ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል። ቀዳዳ ወይም ቦይ ያለው ዲስክ ላይም ጫፉ ይዘላል።

ከሁሉም በላይ ጌጁ ውፍረት አይለካም። ለዚያ ማይክሮሜትር (በብሎን የሚጠጋ ትክክለኛ የውፍረት መለኪያ) ያስፈልጋል፤ ዲስኩ ዙሪያ ስምንት ቦታ፣ ከጠርዙ እኩል ርቀት ላይ። ካሊብሮ (ባለ ተንሸራታች መንጋጋ መለኪያ) አይተካውም፤ መንጋጋው ያልተበላው ጠርዝ ላይ ያርፍና የተሳሳተ ውፍረት ያሳያል። የደረቀ የካሊፐር ፒንም (ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ) በጌጁ አይታይም፣ በእጅ አንቀሳቅሶ መፈተሽ ነው።

ባለ ጠንካራ ክንዱን ከቆንጣጭ መያዣና ከማይክሮሜትር ጋር መግዛት ይመከራል፤ ባለ እባብ ክንዱን አንመክርም። የጌጁን ዘንግ ዘይት መቀባት ክልክል ነው፤ የፍሬን አቧራ ይጣበቅበትና መርፌው ይዘገያል። ሥራው ሲያልቅ ዳዶዎቹ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ ለመኪናው በተጻፈው ልክ ይጥበቁ፤ በአየር ሽጉጥ ያለ ልክ የጠበቀ ዳዶ የተስተካከለውን ዲስክ መልሶ ያወላግደዋል።