ፕሬግኒል ከቴስቶስተሮን ጋር፦ ለባሕር ዳር ተጠቃሚ

የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስተሮን በመርፌ ሲወሰድ አንጎል ቆለጥን የሚያዘውን ኤልኤች የተባለ ሆርሞን መላክ ያቆማል፤ ስፐርም ይቀንሳል፣ ቆለጥም ያንሳል። ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን የያዘው መድኃኒት ፕሬግኒል የኤልኤችን ቦታ ተክቶ ይሠራል። ልጅ ለሚያስብ ወንድ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው።

ችግሩ አስተሻሸጉ ላይ ነው። የ5000 ዩኒቱ ዱቄት ያለበት ብልቃጥ የሚመጣው ከ1 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ ጋር ነው፤ ውሃው ማቆያ ስለሌለው የተረፈው መድኃኒት አይቀመጥም። አንድ ቀን እያለፈ 500 ዩኒት የታዘዘለት ሰው ቤንዚል አልኮል የተባለ ማቆያ ያለበትን የመርፌ ውሃ ፋርማሲስቱን ይጠይቅ። 5 ሚሊ ሊትር ሲጨመር 500 ዩኒቱ 0.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ100 ዩኒት ኢንሱሊን ስሪንጅ 50 የሚለው መስመር ማለት ነው። የስሪንጁን ቁጥር የመድኃኒቱ ዩኒት አድርጎ ማንበብ ብዙዎችን ያሳስታል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ውሃውን በብልቃጡ ግድግዳ ቀስ አድርጎ ማውረድ፣ ማሽከርከር እንጂ መናጥ የለም።

የተበጠበጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አለመክፈት ይሻላል። በበረዶ ማቆየት ካስፈለገ ብልቃጡ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅለል። የጡት ጫፍ ሕመም ከመጣ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ደም አስመርምሮ መጠኑን ያስተካክል።