ቡሌት ፑለር ልትገዙ ነው? መዶሻው ወይስ ኮሌቱ

ሪሎዲንግ፣ ማለትም የተተኮሰ ቀለሃ መልሶ መሙላት፣ የሚጀምር ሰው ፕሬሱን (መጫኛ ማሽኑን)፣ ዳዩን (ፕሬሱ ላይ የሚገጠመውን ቅርጽ ማስያዣ)፣ ሚዛኑን ይገዛና ቡሌት ፑለሩን፣ የተሞላች ጥይት አረሯን መልሶ የሚያወጣውን መፍቻ፣ ይረሳዋል፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንድ ቀን 50 ጥይት ሞልቼ ጨርሼ እቃ ስሰበስብ ሚዛኑን ባዶውን አየሁት፣ ዜሮ ላይ የለም። መቼ እንደተዛባ በምን ላውቅ፣ ከአስረኛዋ ጀምሮ ይሁን ከአርባኛዋ? ባሩድ የበዛባት አንዲት ጥይት ጠመንጃውንም አይንንም ይዛ ልትሄድ ትችላለች፣ ስለዚህ ያለው ምርጫ 50ዋንም መፍታት ብቻ ነው። መፍቻ ግን የለኝም። ያኔ ነው ገበያ ላይ ያሉትን ማየት የጀመርኩት፣ ከዛ ወዲህ ሁለቱንም አይነት ገዝቼ ስለተጠቀምኩ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ቃል እንዳይምታታብን፣ ጥይት ስል ሙሉዋን ነው፣ አረር ስል ተወርውራ የምትሄደውን፣ ቀለሃ ስል ናሱን፣ ፕራይመር ደግሞ ቀለሃው ቂጥ ላይ ያለችውን መለኮሻ።

ከመዶሻው ልጀምር፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። ላዩን ሲያዩት የልጅ መጫወቻ የሚመስል ባዶ የፕላስቲክ ጭንቅላት ያለው መዶሻ ነው፣ ከጭንቅላቱ በአንዱ በኩል ክዳን አለው፣ ጥይቷን ቂጧን ይዞ አረሯ ወደ ውስጥ እንድትንጠለጠል ያደርጋታል። ከዛ በሌላኛው በኩል ጠንካራ ነገር ላይ ትመቱታላችሁ። መዶሻው ቀጥ ሲል ቀለሃው አብሮ ይቆማል፣ አረሯ ግን በነበረችበት ፍጥነት መሄድ ትፈልጋለች፣ ተላቃ ጭንቅላቱ ውስጥ ትወድቃለች፣ ባሩዱም አብሯት ይፈሳል። ፍራንክፎርድ አርሰናል፣ ሆርናዲ፣ ላይማን፣ አርሲቢኤስ ሁሉም ይሰሩታል፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአብዛኛው አያያዙ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ሶስት መጠን ኮሌት (የጥይቷን ቂጥ የሚይዝ ቀለበት) እየቀያየራችሁ የምትጠቀሙበት ነው፣ የአርሲቢኤሱ ፓወር ፑል ደግሞ እንደ ድሪል አፍ ሶስት ጥርስ አለው፣ መቀያየር አያስፈልገውም። ብዙ አይነት ጥይት ለሚሞላ ሰው ይሄኛው ያስደስታል።

መዶሻውን ሰው የሚጠላው ብዙ ጊዜ የሚመታበት ቦታ ጥሩ ስላልሆነ ነው። የስራ ጠረጴዛ ላይ ብትመቱ ጠረጴዛው ይዘላል፣ ጉልበቱን እሱ ይበላዋል፣ እናንተ አስር ጊዜ ትመታላችሁ አረሯ ንቅንቅ አትልም። ወፍራም ግንድ አቁማችሁ የተቆረጠው ፊቱ ላይ ምቱ፣ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ። እኔ ግንዱን እመርጣለሁ፣ ሲሚንቶ ፕላስቲኩን ቶሎ ይጎዳዋል፣ በተለይ ጎንበስ ብሎ ካረፈ። የመጀመሪያው ምት ምንም አይመስልም፣ ሁለተኛው ላይም ዝም፣ በፕላስቲኩ አሳልፋችሁ ስታዩ ግን አረሯ ትንሽ ረዝማለች፣ ሶስተኛው ላይ ድምጹ ይለወጣል፣ ጠቅ ይልና ባሩዱ ሲንሿሿ ትሰማላችሁ። በቃ ወጣች።

ክብደቷ ላይ ነው ነገሩ። 230 ግሬይን የሆነች የ45 አረር፣ 15 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ በአንድ ሁለት ምት ትወጣለች፣ 55 ግሬይኗ የ223 አረር ግን 3.6 ግራም ብቻ ስለሆነች የሚጎትታት ክብደት የላትም፣ አጥብቆ የያዛት ቀለሃ ላይ ከሆነች ክንዳችሁን ነው የምትጨርሰው። 50ዋን ስፈታ ሃያኛዋ ላይ ስደርስ እጄ ደንዝዟል፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ምን እየሰበርኩ እንደሆነ ሊያይ መጥቷል። አዎ ጩኸቱ ሌላ ጉድ ነው፣ ሰው በተኛበት ሰዓት አይሞከርም።

ሌላው የባሩዱ ጣጣ ነው፣ አረርና ባሩድ አንድ ላይ ስለሚወድቁ በማጥለያ መለየት አለባችሁ፣ ጥቂት ቅንጣት ደግሞ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ሌላ ባሩድ ያለበት ጥይት ልትፈቱ ከሆነ መጀመሪያ በደንብ አራግፉት። አንዲት ትንሽ ዘዴ ላካፍላችሁ፣ የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ አንዷን ጭንቅላቱ ውስጥ ከታች ጣል አድርጉ፣ ጫፏ እርሳስ ወይም ፕላስቲክ የሆነች አረር ሳትጨፈለቅ ትወጣለች።

ሁለተኛው አይነት፣ ኮሌቱ፣ ሌላ አለም ነው፣ እዚህ ኮሌት የሚባለው ቂጧን ሳይሆን አረሯን ራሷን ዙሪያዋን ነክሶ የሚይዘው ነው። ፕሬሱ ላይ እንደ ዳይ ይጠመዘዛል፣ የመጠምዘዣ ጥርሱ የተለመደው 7/8 ኢንች በ14 (በአንድ ኢንች 14 ጥርስ) ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው ፕሬስ ላይ ይገባል። ጥይቷን ሼል ሆልደር (ፕሬሱ ላይ ያለው የቀለሃ ቂጥ መያዣ) ላይ አስገብታችሁ ወደ ላይ ትገፏታላችሁ፣ አረሯ ኮሌቱ ውስጥ ትገባለች፣ ታጠብቃላችሁ፣ የፕሬሱን እጀታ ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ፣ ቀለሃው ይወርዳል አረሯ እዛው ትቀራለች። ባሩዱ ቀለሃው ውስጥ ነው፣ አንድ ቅንጣት አልፈሰሰም፣ ድምጽ የለም፣ ድካም የለም። የአርሲቢኤሱን እጀታውን እያሽከረከራችሁ ነው የምታጠብቁት፣ የሆርናዲው ካምሎክ ግን ማንሻ አለው፣ ወደ ታች ሲሉት ይነክሳል ወደ ላይ ሲሉት ይለቃል፣ ብዛት ላለው ስራ ካምሎኩ በፍጥነት ይበልጣል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን ኮሌት አይገዛም? አንደኛ ፕሬስ ይፈልጋል፣ ሁለተኛ ለእያንዳንዱ የአረር ውፍረት የራሱ ኮሌት ያስፈልጋል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ ይሄን ሳያውቅ ዋናውን ብቻ አዝዞ እቃው ሲመጣ ባዶ ቱቦ የሚያገኝ ሰው ብዙ ነው (እኔ አንዱ ነኝ)። ሶስተኛውና ዋናው ግን፣ ኮሌት የሚይዘው ከቀለሃው ውጪ ያለውን ቀጥ ያለ ጎኗን ነው። ረጅም የጠመንጃ አረር ላይ ከአፉ በላይ የምትነከስ ጎን ካለች ግሩም ነው። የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ላይ ግን ከቀለሃው ውጪ የሚታየው ድቡልቡሉ ብቻ ነው፣ ኮሌቱ እላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ብታጠብቁ ብታጠብቁ ያው ነው። ቀለም ወይም ሽፋን ብቻ የተቀባ የእርሳስ አረር ደግሞ ይነከስላችኋል ግን ተጣሞ ይወጣል። አንዳንድ የጠመንጃ አረርም ጠልቃ ከተቀመጠች ቀጥ ያለው ጎኗ ሁሉ ውስጥ ስለሚቀር እንደ ሽጉጡ ትሆናለች።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ምርጫውን የሚወስነው ብራንዱ አይደለም፣ የምትሞሏትን ጥይት አንስታችሁ ከቀለሃው አፍ በላይ ጥፍራችሁን አስጠግታችሁ እዩ፣ ቀጥ ያለ ጎን አላት ወይስ ወዲያው መጥበብ ትጀምራለች? ሽጉጥ ብቻ የምትሞሉ ከሆነ መዶሻ ግዙ፣ ኮሌቱን እርሱት። ጠመንጃም ሽጉጥም ከሆነ አሁንም መጀመሪያ መዶሻ፣ ምክንያቱም ሁሉንም ይሰራል፣ ቀስ ብሎም ቢሆን። አንድ ወይም ሁለት የጠመንጃ ካሊበር በብዛት የምትሞሉ ከሆነ ወይም ብዙ አሮጌ ጥይት ልትፈቱ ካሰባችሁ ኮሌቱ ዋጋውን ያወጣል፣ ያኔም መዶሻው መሳቢያ ውስጥ ይኑር፣ ኮሌቱ እምቢ ያላትን እሱ ይጨርሳታል።

ሶስተኛ አይነትም አለ፣ ፒንሳ የሚመስለው ግሪፕ ኤን ፑል፣ የተለያየ ስፋት ቀዳዳ አለው፣ አረሯ በፕሬሱ አናት ቀዳዳ ወጥታ በእሱ ትያዛለች፣ ፕሬሱ ቀለሃውን ይጎትታል። ኮሌት መቀያየር የለበትም፣ ለጠመንጃ አሪፍ ነው። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለውን በተራ ፒንሳ ይሰራል፣ ይወጣል አዎ፣ አረሯ ግን ተፋፍቃ ነው የምትወጣው፣ ለመጣል ካልሆነ አልመክርም።

የወታደር ጥይት ስትፈቱ አፉ ላይ እንደ ሬንጅ ያለ ማሸጊያ ሊኖረው ይችላል፣ ክሪምፑም፣ የቀለሃው አፍ አረሯ ላይ የተጨመቀበት፣ ጠንካራ ነው። መጀመሪያ በሲቲንግ ዳዩ (አረሯን ቀለሃው ውስጥ በሚያስቀምጠው) ከግማሽ ሚሊሜትር ያልበለጠ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጓት፣ ማሸጊያው ክሽ ብሎ ሲላቀቅ እጀታው ላይ ይሰማችኋል፣ ከዛ በኋላ በቀላሉ ትወጣለች። ጫፏ ቀለም የተቀባች፣ የሚያበራ ወይም የሚያቃጥል ነገር ያለባት ጥይት ከሆነች ግን በምንም መሳሪያ አትንኳት።

22 ሎንግ ራይፍልንም እንደዛው፣ የሷ መለኮሻ ያለው ከንፈሯ ውስጥ ነው፣ መዶሻው የሚይዘውም እሱኑ ከንፈር ነው፣ ስለዚህ መምታት ማለት ልትተኮስ መጋበዝ ነው። መዶሻው ላይ አብሮት የመጣውን ኮሌት ትታችሁ የፕሬሱን ሼል ሆልደር አስገብቶ መምታትም ኢንተርኔት ላይ ፈጣን ዘዴ እየተባለ ይሰራጫል፣ አምራቾቹ አታድርጉት ይላሉ፣ በዚህ ምክንያት እጃቸው ላይ የፈነዳባቸው ሰዎች አሉ። መነጽር ደግሞ ሁሌም፣ አንዲት ጥይት ብቻ ብትሆንም።

ኮሌት ስታዙ የምታዩት የአረሯን ዲያሜትር ነው፣ የጥይቱን ስም አይደለም። የ308ቱ ኮሌት 308 ዊንቸስተርንም 30-06ንም ያገለግላል፣ የ224ቱ ደግሞ 223ንም 22-250ንም። የ7.62 በ39 አረር ግን ብዙ ጊዜ 0.310 ኢንች አካባቢ ስለሆነች ከማዘዛችሁ በፊት ኮሌቱ እስከ ስንት እንደሚይዝ አንብቡ።

የወጣውን ነገር በተመለከተ፣ ባሩዱ የራሳችሁ ከሆነና ከየትኛው ጣሳ እንደወጣ እርግጠኛ ከሆናችሁ ብቻ ተጠቀሙበት፣ የሌላ ሰው ጥይት ውስጥ የነበረ ባሩድ መልኩ የምታውቁትን ቢመስልም ይጣላል። አረሯ ለልምምድ ትሆናለች። ቀለሃው ደግሞ ፕራይመሩ አሁንም ህያው ነው፣ አፉ ትንሽ ስለላላ መልሳችሁ ሳይዝ ዳይ (ቀለሃውን ወደ ልኩ የሚመልሰው) ውስጥ ማሳለፍ ትፈልጉ ይሆናል፣ ያኔ ያገለገለ ፕራይመር የሚያወጣውን የዳዩን መርፌ መጀመሪያ አውጡት፣ አለበለዚያ ያልተተኮሰ ፕራይመር ከውስጥ ትወጋላችሁ።