ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለችው መጽሐፍ ማከራያ

ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ወደ ደሴ በወጣሁ ቁጥር ፒያሳ አካባቢ ካለችው ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫና ማከራያ ሳልገባ አልመለስም። ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በቁመታቸው እንጂ በይዘታቸው አይደለምና ባለሱቁን መጠየቅ የግድ ነው።

እኔ የጠየቅሁት ስለ ቤንጋሊው ሳይንቲስት ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ነበር። «አብሽር መምህር፣ እናገኘዋለን» አለኝ። በሁለተኛው ወር የሕይወት ታሪኩን የያዘ አሮጌ የእንግሊዝኛ ጥራዝ አስቀምጦ ጠበቀኝ። የእጽዋትን እድገት 10,000 ጊዜ አጉልቶ የሚያሳየው ክሬስኮግራፍ የተሣለበት ገጽ ለሁለት ተቀዶ ነበር፤ ከጀርባው ስስ ወረቀት ለጥፎ መስመሩን ከመስመሩ ገጥሞታል። የመሣሪያው ዘንጎች አንድም ቦታ አልተዛነፉም። ለተከራይ መጽሐፍ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ቦስ እ.ኤ.አ. በ1885 ካልካታ በሚገኘው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር ለሕንዳዊ መምህር የተመደበው ደመወዝ ከእንግሊዛዊው ያነሰ ነበር። ሦስት ዓመት ክፍል ሳያጓድል አስተማረ፤ ደመወዙን ግን አልቀበልም አለ። በመጨረሻ ሙሉውን ከነውዝፉ ከፈሉት። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ «ታዲያ ሦስት ዓመት ምን በላ?» አለችኝ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ያለ ሽቦ፣ ግድግዳ በሚያልፍ ሞገድ ደወል ማስደወሉንና ባሩድ ማቀጣጠሉን ገና አልነገርኳቸውም ነበር።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ልጅነቱ ነው። አባቱ የመንግሥት ሹም ሆነው ሳለ ልጃቸውን መጀመሪያ ያስገቡት በቤንጋሊኛ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። በቀኙ የአባቱ ሙስሊም አገልጋይ ልጅ፣ በግራው የዓሣ አጥማጅ ልጅ ይቀመጡ ነበር። የእኔም ክፍል እንዲሁ ነው፤ እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ወንበር ይጋራል፣ ከሐይቁ ዳር ከአጥማጅ ቤት የሚመጡም አሉ። ያን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

ቅር ያሰኘኝ መያዣው ነው። የመጽሐፉን ሙሉ ዋጋ ያስይዛል፤ ሲመልሱ ሳይጎድል ይሰጣል፣ ነገር ግን ለመምህር ኪስ ይከብዳል። ለተማሪ ቢቀንስ እወድ ነበር፤ ለራሱም ነግሬዋለሁ።

ሰኞ ገበያው ስለሚደምቅ ሌላ ቀን በማለዳ ሂዱ። የቦስን መጽሐፍ የምትፈልጉ ግን እስከ ጥር መጨረሻ ታገሡኝ፤ የእጽዋቱን ምዕራፍ ከተማሪዎቼ ጋር ገና አልጨረስንም።