የ«ጣና አጌት» ፍለጋ ጉዞ፦ ያዋጣል ወይ?

ፍርዴን ከላይ ላስቀምጠው። ጉዞው ጥሩ ነው፤ ማስታወቂያው ግን ሰው ያሳስታል። «ኑ፣ የጣና አጌት እንልቀም» ነው የሚለው፤ አጌት ያው ዶቃና ጌጥ የሚሠራበት ባለ መስመር ድንጋይ ነው። ፎቶው ላይ ታንኳ፣ ደንገልና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አለ። ከሐይቁ ዳር ግን አንዲት ጠጠር አላነሳንም። የለቀምነው ከጉማራ ወንዝ ነው። ለምን ከሐይቁ እንዳልሆነ አስጎብኚው በደንብ አስረድቶናል፤ ብሬ ያልቆጨኝም ለዚህ ነው።

እኔ የዶቃ ሰው ነኝ። ማተብ፣ የአንገት ሐብል፣ አምባር እየሰካሁ ለሱቆች አስረክባለሁ። ቱሪስት ሲጠፋ ለሙሽሮች እሠራለሁ። ዶቃውን የማስመጣው ከመርካቶ ነው። ነጋዴው «አጌት ነው» ካለ አጌት፣ «ኦኒክስ ነው» ካለ ኦኒክስ። ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ድንጋይ እየሸጡ ድንጋይ አለማወቅ ያስጠላል።

አዘጋጆቹ ሁለት ወጣቶች ናቸው። አንዱ ጂኦሎጂ የተመረቀ፣ ሌላው ባለ ሚኒባስ። ቢሮም ታፔላም የላቸውም፤ በቴሌግራም ነው የሚመዘግቡት። ከታች የምወቅሳቸው ነገር ስላለ ስማቸውን ትቼዋለሁ። ዋጋው ትራንስፖርትና ምሳን ጨምሮ በሰው 1,800 ብር ነው። የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማውም ጠዋትም ደውለው ያጣራሉ፤ ካላማራቸው ይሰርዛሉ፣ ብሩንም ይመልሳሉ። በዚህ በኩል አንጀቴን አርሰውታል።

የመጀመሪያው ማቆሚያ ከሐይቁ አጠገብ ያለ የአንድ ግቢ አጥር ነው። አትሳቁ። ባሕር ዳር ውስጥ በዚያ ጥቁር፣ ቀዳዳ በቀዳዳ በሆነ ድንጋይ የተሠራ አጥር ሞልቷል። በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን፣ ልብ የሚለው የለም። ጂኦሎጂ የተመረቀው ልጅ ማጉያ ሌንስ ሰጠንና «ቀዳዳዎቹን እዩልኝ» አለ። ያው የእንጀራ ዓይን ነው። ላቫው፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው የቀለጠ ድንጋይ፣ ሲፈስ በውስጡ ያለው ጋዝ ሊወጣ ይታገላል፤ ሳይወጣ ድንጋዩ ይቀዘቅዝበታል። የጋዙ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

አጌት የሚሠራው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ፣ አሟሙቶ የያዘውን ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ከቀዳዳው ግድግዳ ላይ በስሱ ይለጥፋል። በዚያ ላይ ሌላ ሽፋን፣ በዚያ ላይ ሌላ። ብረት ያለበት ሽፋን ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል፤ የሌለበት ነጭ ወይም ግራጫ። ሽፋኖቹ እንዲህ ተስተካክለው የሚደረደሩበትን ምክንያት በተመለከተ ሳይንቲስቶች እስካሁን እንደሚከራከሩም ነገረን። ሁሉን አውቃለሁ የሚል አስጎብኚ ስለሰለቸኝ ይህን ማለቱን ወደድኩለት።

የአጥሩ ድንጋይ ቀዳዳዎች ግን ባዶ ናቸው። ድንጋዩ ገና ልጅ ነዋ! ከከተማው በስተደቡብ የፈሰሰው ላቫ በጂኦሎጂ አቆጣጠር የትናንት ነው። ጣናን ያቆረውም እሱ ነው፤ የዓባይን መውጫ ዘግቶ ውሃውን አስቀረው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊትማ ጭራሽ ደርቆ ነበር። ያኔ ዓሣዎቹ የት ገቡ ብዬ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ እሱን የባዮሎጂ ሰው ይመልስልዎት» ብሎ አለፈኝ።

እንግዲህ አጌት የሚፈልግ ሰው አሮጌ ባዛልት፣ ማለትም ላቫ ቀዝቅዞ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ፣ ነው የሚያስፈልገው። እሱ ደግሞ ሞልቶናል። ደጋውን የተሸከመው ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው ሲባል ለእኔ ረጅም ነበር፤ ለእነሱ ጥድፊያ ነው። ከዚያ በላይ ጮቄና ጉና እንደ ተራራ የበቀሉት ቆይተው ነው። የጉና ዕድሜ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ብዙም አይዘልም። በዚህ ሁሉ ዘመን ውሃ ሲሰርግ፣ ሲሊካ ሲለጥፍ ኖሯል።

ከዚህ በኋላ በቀጥታ ወደ ጉማራ መሄድ ነበረብን። እነሱ ግን መጀመሪያ ጢስ ዓባይ ወሰዱን። ጢስ ዓባይ በአንድ በኩል፣ ጉማራ በሌላ በኩል! ፏፏቴው 40 ሜትር ያለፈ መሆኑን፣ የድንጋዩ ድልድይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1626 አካባቢ በሱስንዮስ ዘመን መሠራቱን ሰምተን፣ ፎቶ ተነስተን ተመለስን። የጠዋቱ ግማሽ እዚያ አለቀ። ፏፏቴ የፈለገ ለብቻው ይሂድ። ይህን ፊት ለፊትም ነግሬያቸዋለሁ፤ «ደንበኛ ይወዳል» አሉ። እንግዲህ እኔም ደንበኛ ነኝ።

ምሳው ሐሙሲት ላይ በያይነቱ ነበር። ደህና ነው። ከምሳው የተረፈችውን ሎሚ ኪሴ ከተትኳት፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

ጉማራ ከጉና ተነስቶ በፎገራ በኩል ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። ዋናው መንገድ አጠገብ አሸዋ ብቻ ነው ያለው፤ አይሱዙ እየቆመ ይጭናል። ጠጠር ለማግኘት ወንዙን ይዞ ወደ ላይ በእግር መውጣት ያስፈልጋል። ከጥምቀት በኋላ ውሃው ስለሚጎድል ጠጠሩ ተሰጥቶ ይጠብቃል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ገልብጦ አዲስ ያመጣል፤ ስለዚህ አምና የተለቀመበት ቦታ ዘንድሮም ባዶ አይሆንም።

አፈሩ ደግሞ ዋልካ ነው፣ ያ ሩዙ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር። ልጁ ከዳርቻው እፍኝ ዘግኖ «ይሄ የበሰበሰ ባዛልት ነው» አለን። ባዛልቱ በዘመናት ወደ ጭቃ ይለወጣል። አጌቱ ግን አይበሰብስም፤ ሳይሟሽሽ ከድንጋዩ ወልቆ ወንዝ ይገባል። ለዚህ ነው ድንጋይ ሳይፈልጡ ጠጠር መሀል የሚያገኙት።

አፈላለጉን በደንብ ነው ያስተማረን። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዛችሁ ጎንበስ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ሌላው ጠጠር ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ይፈዛል፤ አጌት ብርሃን ያሳልፋል፣ ጠርዙ ላይ በራ ይላል። ጀርባው ሻካራና ጎድጎዳ ስለሆነ ብዙ ሰው ረግጦት ነው የሚያልፈው። የቀዳዳውን ቅርፅ እንደያዘ ነዋ የሚወጣው። እኔ ያገኘሁት የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያክል፣ በአንድ ጎኑ የተሰበረ ነው። ደረቅ ሳለ ምንም አይልም፣ የቆሸሸ ሻማ ይመስላል። በምራቄ አርሼ ወደ ፀሐይ ስይዘው ግራጫና ነጭ መስመሮቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ፣ ውስጡ ደቃቅ ክሪስታል። ሲሊካው ሳይሞላው የቀረ ቦታ ነው። ወደ ውጭው ጠርዝ ቀጭን የዝገት ቀለም ያለው ክር ዞሮበታል። ያችን ነገር በእጄ ይዤ ብዙ ቆሜያለሁ።

ነጭ ሁሉ ግን አጌት አይደለም። አብሮን የነበረ አንድ ጎልማሳ ኪሱን ሞልቶ ነበር፤ ብዙው ካልሳይትና ዚዮላይት የሚባሉ ለስለስ ያሉ ማዕድናት ሆኖ ተገኘ። እነሱም እዚያው ባዛልት ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚያድጉት። መለያው ቀላል ነው። ካልሳይትን ሚስማር ይጭረዋል፤ የተጫረው ዱቄት ላይ ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ይላል። ዚዮላይትም ለሚስማር ይበገራል። አጌት ግን የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት የሞስ መለኪያ 6.5 እስከ 7 ስለሆነ እሱ ራሱ ጠርሙስ ይጭራል። ያቺ ሎሚዬ ሰውየውን አሳዘነችው፤ ለእኔ ግን የቀኑ ምርጥ ትምህርት ነበረች። አሁን ከነጋዴ ስገዛ ሚስማር ይዤ ነው የምሄደው።

ባልጩትም ያሳስታል። እሱ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው፤ በፍጥነት የቀዘቀዘ ላቫ እንጂ ቀዳዳ ውስጥ የተለጠፈ ነገር አይደለም። መስመር ቢኖረው እንኳ ለስለስ ብሎ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል፤ የአጌት ስብራት የሰም ዓይነት ነው።

ማሳሰቢያ፦ ልጁ ከአንድ እፍኝ በላይ አያስይዝም። ለመሸጥ የሚለቅም ሰው ፈቃድ እንደሚያስፈልገውም ይናገራል። ትክክል ነው።

ከዚያ የመድኃኒት ካርቶን ከፈተልን። በውስጡ ከየአገሩ የመጡ ናሙናዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ለእኔ ይህ ካርቶን ከጢስ ዓባይ ይበልጣል። ግራጫው ከብራዚል፣ ከሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል፤ የወጣበት ባዛልት ዕድሜ ከ130 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ቀዩ ከአሜሪካ፣ ከሱፒሪየር ሐይቅ፤ እሱ እንኳ 1.1 ቢሊዮን ዓመት የሆነው ባዛልት ልጅ ነው። የአሜሪካዋ ግዛት ሚኒሶታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የግዛቷ የከበረ ድንጋይ ብላ ሾማዋለች። ብርቱካናማው ከሕንድ፣ ከጉጃራት። እሱን አላጣሁትም፤ መርካቶ «ካርኔሊያን» ብለው የሚሸጡልኝ ዓይነት ነው። እዚያ ከጥንት ጀምሮ ድንጋዩን በእሳት እያሞቁ ቅላቱን ያጠነክሩታል። ሁሉም ቦታ ነገሩ አንድ ነው፤ መሬት ተሰንጥቆ ብዙ ላቫ ይፈስሳል፣ ቀዳዳ ይቀራል፣ ውሃ ይሞላዋል። የሚለየው ዕድሜውና በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ነው።

የወሎ ኦፓልም ነበረው፣ የወገልጤና፤ ያ ሲያገላብጡት ቀለሙን የሚለዋውጠው የከበረ ድንጋይ። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው እዚያ ገበያ የወጣው። እሱም ሲሊካ ነው፤ ግን ውሃ አዝሏል፤ የወጣውም ከባዛልቱ መሀል ከተኛ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ነው። ኦፓል ቀለበት ያላችሁ ዕቃ ስታጥቡ አውልቁት። የወሎው ውሃ ይጠጣል፤ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ይሆንባችኋል። ሲደርቅ ይመለሳል፤ ሳሙናና ዘይት ከጠጣ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። ማታ ስንመለስ ከተማ ውስጥ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ አስገቡን። መደርደሪያው ላይ ሰማያዊና ደማቅ ሮዝ የአጌት ቁራጮች ተደርድረዋል። ሻጯ «ከጣና ዳር የወጣ ነው» አለች። ቀኑን ሙሉ ሲያስተምረን የዋለው ልጅ ዝም! ጎኑን ጎሸም አደረግሁት፤ ወደ በሩ ዞረ።

እንዲህ ያለ ሰማያዊ የቀለም ሥራ ነው። ጀርመን ውስጥ ኢዳር ኦበርሽታይን የሚባል ከተማ አለ፤ ለዘመናት አጌት ሲቆርጥ የኖረ። የራሱ ድንጋይ ሲያልቅበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከብራዚል ማስመጣት ጀመረ። አጌት በየሽፋኑ ፈሳሽ ስለሚጠጣ ማቅለምም ተማሩ። ጥቁሩን «ኦኒክስ» ስኳር ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ከዚያ በሰልፈሪክ አሲድ ያቃጥሉታል፤ ስኳሩ ከሰል ሆኖ ውስጡ ይቀራል። ይህን የነገረን እኮ ራሱ ልጁ ነው፣ ጉማራ ላይ ቁጭ ብለን! እኔ ቁራጩን አንስቼ በሌንስ አየሁት፤ ቀለሙ ስንጥቆቹ ላይ ተጠራቅሟል። ዋጋውን ጠይቄ አስቀመጥኩት። ቀለም መቀባቱ ነውር አይደለም፤ ቆንጆ ነው፣ ብዙ ሰው ይወደዋል። የጣና ነው ማለቱ ነው ነውሩ። ከሱቁ ጋር ኮሚሽን ካላቸው በግልጽ ይናገሩ፤ ከሌላቸው ደግሞ እዚያ መግባቱን ይተዉት።

ለልጆች? ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በጣም ጥሩ ነው። ለአረጋውያን ጠጠር ላይ መራመዱ ይከብዳል። ክፍት ጫማ አታድርጉ፤ ባርኔጣና ውሃ ያዙ፤ ውሃ አይሰጡም። ሌንስ ለሁሉም አይዳረስም፤ ሁለት ብቻ ነው ያላቸው፤ በዚህ ዋጋ ሌንስ ሊጨምሩ ይገባል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የለቀምነውን ማን ይቆርጥልናል? አጌት በተራ መሰርሰሪያ አይበሳም፤ ሞክሬ ጫፉ ደነዘ። የአልማዝ ጫፍና የሚንጠባጠብ ውሃ ይፈልጋል። ጢስ ዓባይን ሰርዘው በዚያ ሰዓት የመቁረጥና የመሞረድ ሥራ በማሽን ቢያሳዩን 1,800ው ላይ ሌላ 500 እጨምራለሁ። ጽፌላቸዋለሁ፤ «እናስብበታለን» ብለዋል።